በሆሊሄድ በኩል ወደ ደብሊን፦ ከባቡር ወርዶ መርከብ ስለመሳፈር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከብሪታንያ ወደ አየርላንድ በባቡርና በመርከብ ስለመሄድ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆሊሄድ የት ነው? እንግሊዝ ውስጥ ነው?

አይደለም፣ ዌልስ ውስጥ ነው። ከዌልስ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ አንግልሲ የምትባል ደሴት አለች። ከሷ ጎን ደግሞ ሆሊ አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሆሊሄድ ያለችው ትንሿ ላይ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ሁለት ጊዜ ውሃ ይሻገራል። መጀመሪያ በብሪታኒያ ድልድይ፣ ቀጥሎ ባሕሩ መሃል በድንጋይና በአፈር በተደለደለ መንገድ።

ጣቢያው ላይ ሌላም ስም ታያላችሁ። በዌልስ ቋንቋ ካይርገቢ ይባላል፤ የቅዱስ ከቢ ምሽግ እንደማለት ነው። ሰው «ተሳሳትኩ እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። አልተሳሳታችሁም፣ ውረዱ። ለነገሩ ባትወርዱም ባቡሩ የሚሄድበት የለውም።

ባቡሩ መርከቡ ጋ ያደርሰኛል ወይስ ታክሲ ልያዝ?

ታክሲ አያስፈልግም። የባቡር ጣቢያውና የመርከብ ተርሚናሉ የተያያዙ ናቸው። ከባቡር ወርዳችሁ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ የመርከቡ ትኬት የሚታይበት ጠረጴዛ ጋ ትደርሳላችሁ። ጣቢያው ሦስት ፕላትፎርም አለው። አንደኛው በአንድ በኩል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በሌላ በኩል ናቸው፣ መሃላቸው የወደቡ ውሃ ገብቷል። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ውሃ ማየት መጀመሪያ ላይ ግር ይላል።

መርከቡ ግን በር ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም። በእግር የመጣ መንገደኛ ከተርሚናሉ አውቶቡስ ይሳፈራል። አውቶቡሱ የጭነት መኪናዎቹን ተከትሎ በቀጥታ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይገባል። በሩ ሲከፈት የናፍጣና የጨው ሽታ ይቀበላችኋል፤ ብረቱ ወለል ከእግራችሁ ስር ይንቀጠቀጣል፤ መኪናዎቹ በሰንሰለት ሲታሰሩ ድምፁ ይሰማል። ከዚያ ወደ ላይ በደረጃ ወይም በሊፍት ነው። የመጣችሁበትን የደረጃ ቁጥርና ቀለም ልብ በሉ፣ ስትወርዱ ትፈልጉታላችሁ።

ከለንደን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከዩስተን ጣቢያ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር ካገኛችሁ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ አንዳንዱ ትንሽ ያንሳል። ቀጥታዎቹ በቀን ጥቂት ናቸው። ካልሆነ ክሩ ወይም ቼስተር የሚባሉ ጣቢያዎች ላይ ባቡር መቀየር አለ። ከካርዲፍ፣ ከበርሚንግሃምና ከማንቸስተር በኩልም ይመጣል።

ከቼስተር በኋላ በቀኝ በኩል ያለ መቀመጫ ያዙ። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው፣ ለረጅም ጊዜ ከመስኮቱ አይጠፋም። ኮንዊ ላይ ባቡሩ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ስር ታክኮ ያልፋል። አንግልሲ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ስሙ 58 ፊደል የሆነ መንደር አለ፤ ጣቢያው ላይ ያለውን ታፔላ ፎቶ ለማንሳት ብቻ የሚመጣ ሰው አለ። እኔ አንብቤው አላውቅም።

የባቡሩንና የመርከቡን ትኬት አንድ ላይ መግዛት ይቻላል?

ይቻላል፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ሴይልሬይል ይባላል። ከየትኛውም የብሪታንያ ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ደብሊን ወደብ ድረስ በአንድ ትኬት ትሄዳላችሁ። ዋጋው እንደ ርቀቱ በክልል የተተመነ ነው። የብሪታንያ ባቡር ትኬት ቀኑ ሲቀርብ እንዴት እንደሚወደድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ቦታ እስካለ ድረስ በዋዜማው ብትገዙትም ዋጋው ያው ነው። ቤተሰብ ድንገት ታሞ ለሚሄድ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ትኬቱ ግን የሚቆረጠው ለአንድ የተወሰነ መርከብ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ምረጡ።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ለየብቻ ገዛሁ። የባቡሩን ርካሽ አገኘሁ፣ የመርከቡንም ርካሽ አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። ባቡሩ መንገድ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆመ። ስደርስ መርከቡ ወጥቷል፤ በመስታወቱ ጀርባውን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ በትህትና «የባቡሩ መዘግየት እኛን አይመለከትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለሷ እኔ አርፍዶ የመጣ ሰው ነኝ። አዲስ ትኬት ገዛሁ፣ ያተረፍኩት ሁሉ እዚያው ቀረ። በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ ቦታ ባለው ቀጣይ መርከብ ይወስዱኝ ነበር።

መርከቡ ላይ ስንት ሰዓት ነው? ያስመልሳል?

ትልልቆቹ መርከቦች ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስድባቸዋል። በዚህ መስመር የሚሰሩት ኩባንያዎች ስቴና ላይንና አይሪሽ ፌሪስ ናቸው። በሞቃታማው ወቅት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚፈጅ ፈጣን መርከብም አለ፤ ደብሊን ስዊፍት ይባላል።

ማስመለሱ እንደ ቀኑ ነው። ትልቁ መርከብ የእውነት ትልቅ ነው፤ በ2001 ሥራ የጀመረው ዩሊሲስ ከ1,300 በላይ መኪና ይይዛል። ባሕሩ ረጋ ያለ ቀን መርከብ ላይ መሆናችሁንም ትረሳላችሁ። ፈጣኑ ግን ቀላል ስለሆነ ማዕበል ሲኖር ይበልጥ ይንገጫገጫል። ሆዳችሁ የማይችል ከሆነ ትልቁን ምረጡ፣ ከመርከቡ መሃል አካባቢ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና አድማሱን እዩ። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከፈለጋችሁ ሳትሳፈሩ በፊት ዋጡት። ከጀመራችሁ በኋላ ዋጋ የለውም።

ሻንጣዬን ራሴ ነው የምሸከመው?

ትልቁን ተርሚናሉ ላይ ታስረክባላችሁ፣ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ። ደብሊን ስትደርሱ ትቀበላላችሁ። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ቻርጀርና ጋቢያችሁን በእጅ ያዙ። መርከቡ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው አንዳንዴ ጨክኖ ይሠራል።

ትኬቴ 02:30 ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው?

አይደለም! በዚህች ጥያቄ ስንቱ ሰው መርከብ እንዳመለጠው እኔ ነኝ የማውቀው። 02:30 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ስልካችሁ ላይ የሐበሻ ሰዓት የምትጠቀሙ ለዚህ ጉዞ ብላችሁ ቀይሩት።

ሁለተኛዋ ወጥመድ ቀኑ ናት። ትኬቱ «ቅዳሜ 02:30» ካለ፣ ባቡሩን የምትሳፈሩት ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው መርከቡ ከወጣ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። እኛ አገር ሌሊቱ ከማታው ጋር ስለሚቆጠር «ዓርብ ሌሊት ነው የምሄደው» ትላላችሁ፤ ትኬቱ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቅዳሜ ብሎታል። ትኬቱን ስትገዙ ቀኑን በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡት።

በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል የሰዓት ልዩነት ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅም አለ። የለም። ድሮ ግን ነበር። ደብሊን የራሷ ሰዓት ነበራት፣ ከግሪንዊች 25 ደቂቃ ወደ ኋላ። በ1916 ነው የቀረው። ያን ጊዜ መርከቡ ላይ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ የነበሩት ሰዎች የእኛን ችግር ይረዱት ነበር።

ሌሊት ጣቢያው ውስጥ መጠበቅ ይቻላል?

ለሌሊቱ መርከብ የምትመጡ ከሆነ ተርሚናሉ ውስጥ ተቀምጣችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። የመጨረሻዎቹ ባቡሮች እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚደርሱ ሁለት ሰዓት ገደማ መቀመጥ አለ። ምግብ እዚያ እገዛለሁ ብላችሁ አትምጡ። እኔ በሄድኩበት ሌሊት ሱቁ ተዘግቶ፣ ያለው አንድ የብስኩትና የቸኮላታ ማሽን ብቻ ነበር፣ እሱም ሳንቲሜን ውጦ ዝም አለ። አጠገቤ አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በፌስታል ይዛው የመጣችውን ዳቦ ለሁለት ቆርሳ ሰጠችኝ። መርከቡ ላይ ግን ምግብ ቤት አለ።

ቀን ላይ ሰፊ ጊዜ ካላችሁ ከተማዋን እዩ። ከጣቢያው ተነስቶ መሃል ከተማ የሚያደርስ በ2006 የተከፈተ የእግረኛ ድልድይ አለ። ድንጋይ ተከምሮ ባሕሩ ውስጥ የተሠራው የማዕበል መከላከያ ግድብ 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በብሪታንያ ረጅሙ ነው። ተሠርቶ ያለቀው በ1873 ነው። ንፋሱን ከቻላችሁት ዳር ድረስ መሄድ ይቻላል።

መርከቡ ስንት ሰዓት ሲቀረው ልድረስ?

ትኬቱ ላይ የተጻፈውን እዩ። ለእግረኛ መግቢያው የሚዘጋው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል የማይተርፈው ባቡር አልሳፈርም። ለአንዳንዱ ይሄ ፍርሃት ነው። ከላይ ያለውን ታሪኬን አንብቡ።

ለምንድነው ባቡሩ ባሕሩን የማይሻገረው? ዋሻ ወይ ድልድይ የለም?

የለም። ከሆሊሄድ እስከ ደብሊን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ነው። ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ የሚያሻግረው ዋሻ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ይሄኛው እጥፍ ይሆናል። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ መካከል ባሕሩ ጠበብ ስለሚል የብሪታንያ መንግሥት አስጠንቶት ነበር። በ2021 የወጣው ግምት ለድልድይ 335 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ለዋሻ 209 ቢሊዮን ፓውንድ አለ። እዚያው ተዘጋ።

«ባቡሩን ከነመንገደኛው መርከብ ላይ ጭኖ ማሻገርስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጣሊያን ውስጥ ወደ ሲሲሊ እንደዚያ ይደረጋል። እዚህ ግን ሐዲዱ ራሱ አይገጥምም። የብሪታንያ ሐዲድ በሁለቱ ብረት መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ የአየርላንዱ 1,600። የዌልስ ባቡር ደብሊን ላይ ቢወርድ መንኮራኩሩ ሐዲዱ ላይ አያርፍም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ትልቅ መስመር ለምን እዚህ ጫፍ ላይ ተሠራ?

ለፖስታ ነው። ለፖስታና ለፓርላማ አባላት። በ1801 አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ስትዋሃድ የደብሊን ተመራጮች ለንደን መመላለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ቶማስ ቴልፎርድ የሚባል መሐንዲስ መንገዱን ሠራ፤ ዌልስን ከአንግልሲ የሚያገናኘው የእሱ የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይ በ1826 ተከፈተ። ከዚያ ባቡር መጣ። ሐዲዱ ሆሊሄድ የደረሰው በ1848 ነው፣ በዚያው ዓመት የአየርላንድን ፖስታ የሚጭነው ባቡር ሥራ ጀመረ። የሚገርመው መሃሉ ላይ የባቡር ድልድይ አልነበረም። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ፣ በፈረስ ጋሪ በቴልፎርድ ድልድይ ተሻግሮ፣ ማዶ ሌላ ባቡር ይሳፈር ነበር። የሮበርት ስቲቨንሰን ብሪታኒያ ድልድይ በ1850 ተከፍቶ ነው የተገላገሉት። ባቡሩ በብረት ቱቦ ውስጥ ያልፍ ነበር፣ ቱቦው ባሕር ላይ ተሰቅሎ።

ያ ቱቦ በግንቦት 1970 ተቃጠለ። ልጆች ማታ ላይ ችቦ ይዘው ገቡ፣ ችቦው ወደቀ፣ ሬንጅ የተቀባው የእንጨት ጣሪያ ተያያዘ። ሆሊሄድ ከባቡር ተቆረጠች፣ የአየርላንድ መርከቦች ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው የሄይሻም ወደብ ዞሩ። በ1972 ባቡሩ ተመለሰ። አሁን የምታልፉበት ድልድይ በብረት ቅስቶች የቆመ ነው፣ የድሮው የድንጋይ ማማዎች ግን አሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ስትራንራር የሚባል የእንደዚሁ ዓይነት ጣቢያ ነበር፣ መርከቡ አጠገብ። በ2011 መርከቦቹ ወደ ኬርንራያን ሄዱ፣ እዚያ ሐዲድ የለም። ባቡሩ እስከ ዛሬ ባዶው ወደብ ዳር ይቆማል።

ማዕበል ከመጣ ወይም መርከቡ ከተሰረዘስ?

መጀመሪያ የሚሰረዘው ፈጣኑ ነው። ትልልቆቹ ብዙ ይችላሉ፣ ግን እነሱም ይቀራሉ። ሲቀር ኩባንያው በቀጣዩ መርከብ ያስገባችኋል ወይም ገንዘባችሁን ይመልሳል። በብርዱ ወቅት ከመነሳታችሁ በፊት የመርከቡን ኩባንያ ድረ ገጽ እዩ። ባቡሩ መርከቡ መቅረቱን ላይነግራችሁ ይችላል። አራት ሰዓት ተጉዞ የሐዲዱ ጫፍ ላይ መሰረዙን መስማት ያንገበግባል።

ከሁሉም የከፋው ዲሴምበር 2024 ነበር። ዳራ የተባለው ማዕበል በመታበት ሰሞን የወደቡ መርከብ ማቆሚያ ተጎድቶ ወደቡ ተዘጋ። የገና መንገደኛ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። በከፊል የተከፈተው ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 ነው። ያን ጊዜ ሰው የሄደው ከደቡብ ዌልስ ከፊሽጋርድ ወደ አየርላንዷ ሮስሌር፣ ወይም ከሊቨርፑል ወደ ሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ነው። ፊሽጋርድም እንደ ሆሊሄድ ባቡሩ ወደቡ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ስሟን ያዙት። ቤልፋስት ግን ከታች ስለ ቪዛ የጻፍኩትን ሳታነቡ አትምረጡት።

ደብሊን ወደብ ስወርድ ባቡር አለ?

የለም፤ ሆሊሄድ የለመደ ሰው እዚህ ነው ቅር የሚለው። ወደቡ ከመሃል ከተማ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። መርከብ ሲገባ የሚጠብቅ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ትይዛላችሁ። በእግር ለመሄድ አትሞክሩ፣ በተለይ ሌሊት፤ መንገዱ የከባድ መኪና ነው። ፓውንዳችሁ እዚህ አይሠራም፣ አገሩ የዩሮ ነው።

ምግብ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ጥያቄው «ቅቤና ቋንጣ» ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። አይቻልም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ከእንግሊዝ፣ ከዌልስና ከስኮትላንድ ወደ አየርላንድ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ንጥር ቅቤም፣ አይብም፣ ዶሮ ወጡም እዚያው ክልከላ ውስጥ ናቸው። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም። ቅቤ የገባበት ሽሮ ከሆነ ግን አላውቅላችሁም አልልም፤ ቅቤ ቅቤ ነው።

የብሪታንያ ቪዛ አለኝ። ለአየርላንድ ይሠራል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ አይሠራም። ሁለት አገር ነው፣ ሁለት ቪዛ ነው። የብሪታንያ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም ለአየርላንድ ለብቻ ታመለክታላችሁ። «የጋራ ቪዛ አለ ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል አይጠፋም። አለ፣ ግን ለሕንድና ለቻይና ዜጎች ነው። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዛችሁም ትኬት ሳትቆርጡ በፊት የአየርላንድን ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አጣሩ። የብሪታንያ ዜጋ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግን ይጠየቃል። ፓስፖርቱን ቢይዝ ይሻለዋል።

ወደ ቤልፋስት የምትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ። ቤልፋስት የብሪታንያ ግዛት ናት። ከሆሊሄድ በደብሊን በኩል ከሄዳችሁ ግን የአየርላንድን አፈር ትረግጣላችሁ፣ ቪዛውም ያስፈልጋችኋል። ያለ አየርላንድ ቪዛ መሄድ የሚቻለው በቀጥታ ከሊቨርፑል ወይም ከስኮትላንድ በሚነሳው መርከብ ነው።

ጓደኛዬ ማንም ፓስፖርት ሳይጠይቀው አልፏል። እኔስ?

ሊሆን ይችላል። ሆሊሄድ ላይ ስትወጡ ማህተም የሚመታ ሰው የለም። ስትመለሱም ብዙ ጊዜ ቀጥ ብላችሁ ወደ ባቡሩ ትሄዳላችሁ፤ አንዳንዴ ፖሊስ አስቁሞ ይጠይቃል። ደብሊን ወደብ ላይ ግን የኢሚግሬሽን መኮንኖች አሉ፣ በእግር የወረደውንም ያያሉ።

አለመጠየቅና መፈቀድ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ያለ ቪዛ የገባ ሰው በኋላ ላይ ለሌላ ማመልከቻ «ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ አገር ገብተህ ታውቃለህ?» የሚል ቅጽ ይጠብቀዋል። ጓደኛችሁ ያን ጊዜ ምን ብሎ እንደሚሞላ እስካሁን አልነገረኝም።